የተራራ ጉዞ ዕቅድና የነጋዴ ሒሳብ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው አውራ ጎዳና አዲሱ ገበያን አቋርጦ የእንጦጦን ዐቀበት ይይዛል። በዚህ ጎዳና ግራና ቀኝ ሱቅ የከፈተ ሰው ማለዳ በሩን ሲከፍት የሚያየው ተራራ ነው፤ ማታ ሲዘጋም ትከሻውን የሚዳስሰው ከዚያው ተራራ የሚወርደው ብርድ ነው። ይሁን እንጂ ከሰፈሩ ነጋዴዎች መካከል ተራራን ለዕረፍት ብሎ የወጣ እምብዛም አይገኝም። ዕቃ አስጭኖ ያለፈው፣ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ የተሻገረው፣ ለንግሥ ወደ እንጦጦ ማርያም የወጣው ግን ብዙ ነው። ተራራ በነጋዴው ዘንድ የመንገድ ድካም እንጂ የዕረፍት ስፍራ ሆኖ ሳይታሰብ ቆይቷል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህ ልማድ እየተለወጠ መጥቷል። በተለይም የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ የከተማው ሰው በዕረፍት ቀኑ ወደ ከፍታ መውጣትን እየለመደ ነው። ከእንጦጦ ያለፈውን ለማየት የሚመኝም አለ፤ አንዱ ስሜንን፣ ሌላው ባሌን ያነሣል። ምኞቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምኞት ብቻውን መንገድ አያሻግርም። የተራራ ጉዞ እንደ ማንኛውም የንግድ ሥራ ወቅቱ ተጠንቶ፣ ዕቃው ተመርምሮ፣ ወጪው ተሰልቶና መጠባበቂያው ተይዞ ካልታቀደ መጨረሻው ኪሳራ ነው፤ ኪሳራውም በገንዘብ ብቻ የማይቆም መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ለዚህም በአዲሱ ገበያ የብርድ ልብስና የሹራብ ንግድ ያላቸው የአንድ ነጋዴ ዕቅድ በምሳሌነት ሊቀርብ ይችላል።

አባትና ልጅ

ጊዜው በ2016 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ ነበር። የነጋዴው የበኩር ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ አንድ ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ «አባዬ፣ ከገና በኋላ ገበያው ይቀዘቅዛል። ከወንድሜ ጋር ሦስታችን ስሜን እንሂድ። ራስ ደጀን ጫፍ ቆመን እንመለስ፤ አራት ቀን ይበቃናል» አላቸው።

ነጋዴው ወዲያው አልመለሱም። አባታቸው በወጣትነታቸው በጎጃም በኩል በበቅሎ የነገዱ የሲራራ ሰው ስለ ነበሩ፣ «መንገድ የሚበላው ሳያስብ የተነሣውን ነው» የሚለው ቃላቸው ከልጅነት ጀምሮ ከጆሯቸው አልጠፋም። ስለዚህ የሱቁን መዝገብ ከመሳቢያ አውጥተው በመጨረሻው ገጽ ላይ አራት ርእስ ጻፉ፤ ወቅት፣ መንገድ፣ ዕቃ፣ ሰው። መዝገቡንም ለልጁ ሰጥተው፣ «በእያንዳንዱ ሥር የሚጻፈውን አጥንተህ አምጣልኝ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አሉት።

ስለ ወቅት

ልጁ በመጀመሪያ ያመጣው ከባዕድ ቋንቋ የተረጐመውን የጉዞ ምክር ነበር። በትርጉሙም፣ «ወደ ስሜን ለመጓዝ ክረምት ይመረጣል» ብሎ ጽፏል። አባትየው ይህን ሲያነቡ ሣቁ። የአውሮፓ ሰዎች ክረምት የሚሉት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የብርድ ወራታቸው በእኛ አገር በጋ ነው። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ የሚቆየው የዝናብ ወራት ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ የስሜን ተራራ በጉም ይሸፈናል፤ መንገዱ ይንሸራተታል፤ ገደሉም አይታይም። አንድ ቃል በቁሙ በመተርጐሙ ብቻ ተጓዡ በዓመቱ ክፉ ወር ሊነሣ ይችል ነበር። የውጭ አገር የዕቃ ማዘዣ የሚጽፉ አስመጪዎች እንዲህ ያለው ስሕተት የሚያስከትለውን ጉዳት አይስቱትም።

ትክክለኛው የወቅት ሒሳብ እንዲህ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ምድሩ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ አካሄዱም ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ግን በከፍታው ላይ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ማለዳ ሣሩ ላይ ዐመዳይ ይታያል። ከዚህም ጋር ከታኅሣሥ 29 ቀን እስከ ጥር 11 ቀን ባለው ጊዜ ገናና ጥምቀት ይከበራሉ። የጎንደር ጥምቀት በፋሲለደስ መዋኛ የሚከበርና እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚሰበስብ በዓል ስለሆነ፣ ወደ ስሜን በጎንደር በኩል የሚያልፍ ሰው መኝታ አስቀድሞ ካልያዘ በበዓሉ ሰሞን በር ለበር መንከራተቱ አይቀርም።

ወቅትን ወደ ንግድ መለወጥ የሚቻል ለመሆኑ የስዊስ አገር ምሳሌ ይጠቀሳል። በሴንት ሞሪትዝ ለነበረው የሆቴል ባለቤት ለዮሐንስ ባድሩት እንግሊዛውያን እንግዶቹ በበጋ ይመጡለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1864 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሰናበቱት፣ «በብርድ ወራት ደግሞ ኑ፤ ካልተደሰታችሁ የመንገዳችሁን ወጪ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ እንደ ተወራረደ ይነገራል። እንግዶቹ መጡ፤ ተደሰቱም። የተራራ የብርድ ወራት ዕረፍት በአልፕስ አገር ትልቅ ንግድ ለመሆን የበቃው ከዚህ በኋላ ነው። ባድሩት አዲስ ተራራ አልሠራም፤ የነበረውን ተራራ በሌላ ወር ሸጠ።

ስለ መንገድ

ስሜን ለሲራራ ነጋዴ እንግዳ ምድር አይደለም። ከምፅዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው ጥንታዊ የንግድ መንገድ የሊማሊሞን ዐቀበት ወጥቶ በደባርቅ በኩል ያልፍ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ ዐቀበት ነው። ዛሬ ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ስፍራዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። የዱር እንስሳቱ በመመናመናቸው በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ቢገባም፣ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ዋሊያ የሚገኘው በስሜን ብቻ ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮም በመንጋ ሆኖ ከተጓዡ አጠገብ ሣር ሲነጭ ይውላል።

ልጁ አራት ቀን ይበቃል ያለው መንገድ በመዝገቡ ላይ ሲዘረዘር ግን እንዲህ ሆነ። ከደባርቅ ተነሥቶ የመጀመሪያው ማደሪያ ሳንቃበር ሲሆን ከፍታው 3,250 ሜትር ገደማ ነው። በማግሥቱ የጅንባርን ፏፏቴ አይቶ ወደ ግጭ ይወጣል፤ ከፍታው 3,600 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከግጭ ወደ እመት ጎጎ ጫፍ ደርሶ ጨነቅ ያድራል። ከጨነቅ የቧሂት ተራራ አለ፤ ከፍታው 4,430 ሜትር ነው። ራስ ደጀን ከዚህ ሁሉ ባሻገር ሲሆን፣ ቁመቱ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ወደዚያ ለመድረስ በቧሂት በኩል ወደ ጥልቅ ሸለቆ ወርዶ እንደ ገና መውጣት ያስፈልጋል።

አባትየው ይህን ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ አራት ቀን ያልከው መሄጃው ነው፤ መመለሻውን አልቈጠርክም። ነጋዴ ዕቃ የሚገዛበትን ብቻ ቈጥሮ የሚያጓጉዝበትን ቢረሳ ምን ይባላል?» አሉት። ዕቅዱም ስድስት ቀን ሆኖ፣ መድረሻው ራስ ደጀን መሆኑ ቀርቶ ቧሂት ሆነ። ወደ ጨነቅ የመኪና መንገድ ስላለ በመጨረሻው ቀን ከዚያ ወደ ደባርቅ በመኪና መመለስ ይቻላል። አንድ ቀንም ለመጠባበቂያ ተያዘ።

የቀኑ መብዛት ለምቾት ብቻ አይደለም። ሰው ከፍ ወዳለ ስፍራ በቶሎ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ የከፍታ ሕመም ይይዘዋል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና እንቅልፍ መንሣት ነው። ይህ ምልክት የታየበት ሰው ወደ ላይ መቀጠል የለበትም፤ እየባሰበት ከሄደም ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ታች ማውረድ ይገባል። የሐኪሞች ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የአንዱ ሌሊት ማደሪያ ካለፈው ሌሊት ማደሪያ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይበልጥ፣ በየሦስትና በየአራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚኖር ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ እንግዳ ይልቅ ጥቂት ብልጫ ይኖረዋል፤ ነገር ግን ይህ ብልጫ ቧሂት ላይ ዋስትና አይሆንም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ ለተራራ ወጪ የተነገረ ይመስላል። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት።

ስለ ዕቃ

ነጋዴው የዕቃውን ርእስ ራሳቸው ያዙት፤ ሥራቸው ነውና። በመጀመሪያ የተረዱት ነገር የገዛ ሱቃቸው ሸቀጥ ሁሉ ለተራራ እንደማይሆን ነው። ጥጥ ሲርስ ሙቀት አይዝም፤ ቶሎም አይደርቅም። በላብ የራሰ የጥጥ ካናቴራ ለብሶ ጀንበር ስትጠልቅ በ3,600 ሜትር ላይ መቀመጥ በሽታ መጥራት ነው። ሱፍ ግን ርሶም ቢሆን ሙቀት ይጠብቃል። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጕር ባናና በርኖስ ሠርቶ ደጋውን የቻለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ከሥር ላብ የሚያሳልፍ ስስ ልብስ፣ ከዚያ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ደግሞ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት እንዲሆን ተወሰነ። ጋቢውም አልቀረም፤ ለማታ እሳት ዳር ሳይሆን ለድንኳን ውስጥ መደረቢያ ተመደበ።

ጫማ የተፈተነው በእንጦጦ ነው። ነጋዴውና ልጆቻቸው በኅዳር ወር ሦስት እሑድ በተከታታይ፣ ከአዲሱ ገበያ በእግራቸው ተነሥተው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው የእንጦጦ ከፍታ ወጥተው ወረዱ። በመጀመሪያው እሑድ የበኩር ልጁ አዲስ የገዛው ጫማ ተረከዙን ላጠው፤ እያነከሰም ገባ። ይህ ጉዳት የደረሰው ከቤት አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ስፍራ ስለሆነ ትምህርት ሆነ፤ ከግጭ ማዶ ቢሆን ኖሮ ለአራት ሰው የጉዞ መሰናክል ይሆን ነበር። በሦስተኛው እሑድ ጫማው ለስልሶ፣ ሸክሙም ተመዝኖ፣ የልጁ ችኮላ ረገብ ብሎ ታየ።

ስንቅን በሚመለከት የአገሩ ልማድ ከባዕዱ ይበልጣል። ከፍታ ሲጨምር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በግጭና በጨነቅ ከፍታ በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር ለመብሰል ብዙ ጊዜ ይፈጃሉ፤ ነዳጅም ይጨርሳሉ። በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎና ድርቆሽ ግን ወይ እሳት አይሹም ወይም ጥቂት ይበቃቸዋል፤ አይበላሹም፤ ለጭነትም ይቀላሉ። የሲራራ ነጋዴ እናቶች ይህን ያወቁት ያለ ቴርሞሜትር ነው።

እሳትን በተመለከተ በፓርክ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው። በ2011 ዓ.ም. በስሜን የተነሣው ቃጠሎ ከባድ ጉዳት አድርሶ፣ ለማጥፋት ከውጭ አገር ጭምር ርዳታ ማስፈለጉ አይዘነጋም። ስለዚህ ምድጃ መያዝ ግዴታ ነው። በዚህ ላይ ለነጋዴዎች ሊነገር የሚገባ ቁም ነገር አለ፤ የጋዝ ጣሳም ሆነ ማናቸውም ነዳጅ በመንገደኛ አውሮፕላን መጫን አይፈቀድም። በአውሮፕላን ጎንደር የሚገባ ተጓዥ ምድጃውን ይዞ ቢመጣ እንኳ ነዳጁን የሚገዛው እዚያው ነው። በጎንደርና በደባርቅ ይህን ዕቃ በመደርደሪያው የሚያኖር ባለሱቅ ደንበኛ ፍለጋ አይወጣም። የስልክ መሙያ ባትሪም በሻንጣ ሳይሆን በእጅ መያዝ እንዳለበት መታወስ ይገባዋል።

ድንኳንና የመኝታ ከረጢት የዕቅዱ ከባድ ወጪ ሆኑ። ነጋዴው ዋጋውን ካጠያየቁ በኋላ፣ «በዓመት ስድስት ሌሊት ለሚያገለግል ዕቃ ይህን ያህል ገንዘብ ማሰር የንግድ ሥራ አይደለም» አሉ። ሆኖም ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣላቸው፤ እሳቸው የማይገዙትን ሌላውም አይገዛውም፤ ቢከራይ ግን ይከራየዋል። ዕቃውን የሚያከራይ ሰው መያዣ ተቀብሎ፣ ደረሰኝ ቈርጦ፣ ሲመለስ ዚፑንና ምሰሶውን መርምሮ የሚረከብ ከሆነ አንድ ድንኳን በአንድ በጋ ብዙ ጊዜ ሊሠራ ይችላል። የአውሮፓ ነጋዴዎች የብርድ ወራት ዕቃቸውን ወቅቱ ሲያልቅ ዋጋ ቀንሰው የሚሸጡ መሆኑም የታወቀ ነው። በመጋቢት የሚያዝ አስመጪ ለቀጣዩ በጋ ያለ ችኮላ ይደርሳል። ነጋዴው ይህን ሁሉ አስበው ሁለት ድንኳንና አራት የመኝታ ከረጢት ገዙ፤ ወጪውንም በቤት ሳይሆን በሱቁ መዝገብ ላይ አሰፈሩት።

ስለ ሰው

ወደ ስሜን ፓርክ የሚገባ ሰው ደባርቅ ከሚገኘው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያወጣል፤ የታጠቀ ጠባቂም ይመደብለታል። መንገድ መሪ፣ ወጥ ሠሪ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ ደግሞ በየማኅበራቸው ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ። በዚህ ዐይነት የአንድ ተጓዥ ገንዘብ ወደ ብዙ ቤት ይገባል።

ውሉ ግልጽ መሆን አለበት። የቀኑ ብዛት፣ የዕለቱ ክፍያ፣ የበቅሎ ነጂው ስንቅ በማን እንደሚሸፈን፣ ጭነት ካወረደ በኋላ ባዶ የሚመለስበት ቀን እንዴት እንደሚታሰብ አስቀድሞ ሊጻፍ ይገባዋል። የብዙ ተጓዦች ጭቅጭቅ የሚነሣው ከመመለሻው ቀን ነው። በቅሎ ነጂው ከጨነቅ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በእግሩ ስለሆነ ያ ቀን የሥራ ቀኑ መሆኑን ነጋዴ ሊከራከርበት አይገባም፤ የጭነት መኪና ባዶ ሲመለስ ማን እንደሚከፍል ያውቃልና።

ነጋዴው በአንድ ወዳጃቸው አማካይነት ከአንድ የደባርቅ መንገድ መሪ ጋር በስልክ ተዋወቁ። ሰውዬው ጨዋ ሆኖ አገኙት፤ ከኅዳር ወር ጀምሮም ጉዳዩን ከእርሱ ጋር ጨረሱ። ቀብድም ላኩ። ከጠቅላላው ገንዘብ አራተኛው እጅ ለመጠባበቂያ ተለይቶ ተቀመጠ።

ከደባርቅ የመጣ ስልክ

የዚያ ዓመት ሁኔታ ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የጎብኚውን መንገድ ዘጋ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ውጊያው እስከ ሰሜን ጎንደር ደርሶ ነበር። የሰላም ስምምነት በ2015 ዓ.ም. ተፈርሞ ተስፋ ሲታይ፣ በዓመቱ መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅም ታወጀ። በበቅሎውና በእግሩ የሚያድር የተራራ ሰው በአራት ዓመት ሦስት ጊዜ ገበያው ተዘጋበት ማለት ነው። ነጋዴው ዕቅዱን ሲጀምሩ እስከ ገና ይረጋጋል የሚል ተስፋ ነበራቸው።

ለገና ሁለት ሳምንት ሲቀር ከደባርቅ ስልክ ተደወለ። መንገድ መሪው ሰላምታውን ካደረሰ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ። አሁን ይምጡ ብልዎ ለእኔ ይበጀኛል፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ሥራ ጥቂት ነው። ነገር ግን መንገዱን ዛሬ ደህና ቢሉኝ ነገን አላውቀውም። ልጆች ይዘው ነው የሚመጡት። ዘንድሮ ይቅርብዎ። ቀብድዎን በመጣበት መንገድ እመልሳለሁ» አላቸው።

ነጋዴው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። በንግድ ዓለም አርባ ዓመት ሲኖሩ፣ ሸቀጡን ራሱ «አይግዙኝ» ብሎ የነገራቸው ሻጭ በጣት የሚቈጠር ነበር። ከዚያም፣ «ቀብዱን አትመልስ። የአንተ ሥራ እንጂ የእኔ ገንዘብ አይደለም። በመዝገቤ ላይ በስምህ ይቀመጣል፤ መንገዱ ሲከፈት ከዚያ ላይ እንተሳሰባለን» ብለው መለሱ። መንገድ መሪውም፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ እንዲያ ከሆነ ዕዳ አለብኝ» አለ።

የበኩር ልጁ በአጠገባቸው ቆሞ ይሰማ ነበር። በመስቀል ሰሞን ቢሆን ኖሮ ይቆጣ ነበር፤ በእንጦጦ መንገድ ያነከሰው ልጅ ግን፣ «አባዬ፣ አራቱ ርእስ ተጽፈዋል፤ ስፍራውን ብቻ እንለውጥ» አለ።

ሌላው ተራራ

ዕቅድ ጥቅሙ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ዕቃው ተመርምሯል፣ ጫማው ለስልሷል፣ ስንቁ ተዘጋጅቷል፣ መጠባበቂያው ተይዟል። የሚቀረው መንገዱ ነበር። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጽሕፈት ቤቱ ዲንሾ ሲሆን፣ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው የመኪና መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው በሳነቴ አምባ ላይ ያልፋል። ከአምባው በላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይገኛል። በዓለም ላይ ከቀረው የቀይ ቀበሮ ቍጥር አብዛኛው በዚህ ስፍራ ይኖራል፤ የደጋ አጋዘንም በዲንሾ አካባቢ በመንጋ ይታያል። በስሜን በቅሎ የሚሸከመውን በባሌ ፈረስ ይሸከመዋል።

ነጋዴው ስለዚህኛውም መንገድ የዚያን ሳምንት ወሬ በዚያ መሥመር ከሚሠሩ ሾፌሮች ጠየቁ፤ የአንድ ሰው ቃል ብቻ አልበቃቸውም። ደህና መሆኑ ሲረጋገጥ ከገና በኋላ ተነሡ። ሁለት ሌሊት በዲንሾ አድረው ሰውነታቸውን ካለማመዱ በኋላ ወደ ሳነቴ ወጡ። በአምባው ላይ ታናሹ ልጅ ራሱን ስላመመው በዚያ ለማደር የነበረው ሐሳብ ተትቶ በዚያው ቀን ወደ ጎባ ወረዱ፤ ማታውን ልጁ ምግብ በላ። ለመጠባበቂያ የተያዘው ቀን ለዚህ ዋለ። በማግሥቱ ቱሉ ዲምቱ ላይ የቆሙት አባትና የበኩር ልጅ ብቻ ነበሩ፤ ታናሹም ከመንገድ መሪው ጋር በጎባ ቀርቶ አልተቀየመም። በቧሂት ፈንታ ቱሉ ዲምቱ፣ በአራት ቀን ፈንታ ስምንት ቀን ሆነ፤ ነገር ግን የሄዱት ሁሉ ደህና ተመለሱ።

ከጉዞው የሚገኝ ትምህርት

ከዚህ ዕቅድ ለባለሱቁ፣ ለአስመጪውና ለላኪው የሚተርፍ ነገር አለ። ለባለሱቁ፣ ወደ ተራራ የሚሄድ ደንበኛ የሚያስፈልገው ረጅም ዝርዝር እንጂ አንድ ዕቃ እንዳልሆነ ተረድቶ የሱፍ ሹራቡን፣ የራስ ባትሪውን፣ የፀሐይ ባርኔጣውንና በሶውን በአንድ መደርደሪያ ቢያቀርብ ይጠቀማል። ለአስመጪው፣ የውጭ አገር የብርድ ወራት የእኛ በጋ መሆኑን አስታውሶ በጊዜው ቢያዝ፣ መሸጥ ብቻ ሳይሆን ማከራየትም ንግድ መሆኑን ቢያስብ ይበጃል። ለላኪው ደግሞ ጎብኚ ማለት በአገር ውስጥ ሆኖ የውጭ ገንዘብ የሚከፍል ገዥ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአገሩ ሰው ተራራውን አስቀድሞ ካላወቀው ግን ለባዕድ ሊያስተዋውቀው አይችልም።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው ግን የደባርቁ ሰው ቃል ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ዋጋ የሚቀንስ ነጋዴ ብዙ ነው፤ ገበያ በቀዘቀዘበት ጊዜ እውነትን ሳይቀንስ የሚሸጥ ግን ጥቂት ነው። እንደዚህ ያለውን ሰው ያገኘ ነጋዴ ቀብዱን ትቶለት ቢኖር አልከሰረም፤ ዋስ አግኝቷል። ጉዞውን ለመሰረዝ የተገደደ ሁሉ ገንዘቡን ከመንገድ መሪዎችና ከበቅሎ ነጂዎች እጅ ለመንጠቅ ከመቸኰሉ በፊት ለሌላ ጊዜ ማዛወር ይቻል እንደ ሆነ ቢያስብ፣ መንገዱ በሚከፈትበት ቀን ተራራው ላይ የሚጠብቀው ሰው አያጣም።

ድንኳኖቹ በአዲሱ ገበያ በሱቁ ውስጥ ከብርድ ልብሱ መደርደሪያ በላይ ተሰቅለው በዚያው በጋ ለሌሎች ሦስት ጊዜ ተከራይተዋል። በሱቁ መዝገብ የመጨረሻ ገጽ ላይም ከአራቱ ርእሶች በታች አንድ መሥመር ተጨምሮ ይነበባል፤ «ደባርቅ፤ የተላከ ቀብድ፤ ያልተወራረደ»።